ናቂና አድናቂ

ጂፕኒ ሁለት ባላንጣ አላት፤ አንዱ ናቂዋ ነው፣ ሌላው አድናቂዋ። ናቂው፣ «ይህች የጦርነት ትራፊ፣ ይህች ጭሳም ቆርቆሮ ከመንገድ ትጥፋልን!» ይላል። አድናቂው ደግሞ፣ «እንዴት ታምራለች! ቀለሟ፣ መብራቷ፣ የብረት ፈረሶቿ!» ብሎ ፎቶውን ያነሣና መንገዱን ይቀጥላል። ላይ ላዩን ላያቸው ሰው የተጣሉ ይመስላሉ። አልተጣሉም። አንደኛው ከጭሱ አላለፈም፤ ሁለተኛው ከቀለሙ አላለፈም። መሪውን የጨበጠውን ሰውዬ ሁለቱም አላዩትም። የኔ ጉዳይ ከዚያ ሰውዬና ከጀርባው ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ከተቀመጡት ተሳፋሪዎች ጋር ነው።

«የማኒላ ታክሲ እኛን ምን አገባን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ያገባናል እንጂ! በየመኝታ ክፍሉ፣ በየሻይ ቤቱ ስለ ከተማ መጓጓዣ ክርክር በተነሣ ቁጥር አንዲት ቃል ከሰገባዋ ትመዘዛለች፤ «ዘመናዊነት» የምትባል። እሷ ከተመዘዘች በኋላ ክርክር የለም። ዘመናዊ ይሁን የተባለው ነገር ዋጋው ስንት ነው? ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? ብሎ የጠየቀ ሰው እንደ ኋላ ቀር ይቆጠራል። የፊሊፒንስ ሰዎች ግን ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ዓመታት በአደባባይ ተሟግተውበታል። ከሰው ክርክር መማር ርካሽ ትምህርት ነው፤ የሚወደደው በራስ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። (ካላልሁ በቀር ዓመቱን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

በመጀመሪያ ትውልዷን እንይ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ማኒላ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የከተማ ባቡር ነበራት፤ ትራንቪያ ይሉታል። በ1945 አሜሪካኖችና ጃፓኖች በከተማዋ ውስጥ ሲዋጉ ማኒላ ፈረሰች፤ ባቡሩም አብሯት ፈረሰ። ሕዝቡ ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለበት፤ የሚሄድበት ግን የለም። የተረፈው ነገር የአሜሪካ ጦር ትቶት የሄደው ጂፕ ነበር። መካኒኩ ጂፑን ወሰደ። ከኋላ ቆርጦ አስረዘመው፤ ጣራ አለበሰው፤ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ዘረጋበት፤ ከዚያም ቀለም ቀባው። እነሆ ጂፕኒ! ከማኒላ በስተደቡብ ላስ ፒኛስ በተባለች ቦታ በ1953 የጂፕኒ መሥሪያ የከፈተው ሊዮናርዶ ሳራኦ ራሱ አስቀድሞ የፈረስ ጋሪ ነጂ የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የባቡሩን ቦታ የሞላው ሚኒስቴር አይደለም፤ ባንክም አይደለም። ባለ ጋሪውና ባለ መፍቻው ናቸው። ናቂው «የጦርነት ትራፊ» ሲላት እውነቱን ነው። ግን ያን ትራፊ እንጀራ ያደረገው ማን እንደ ሆነ አይናገርም።

ሁለተኛው ክስ «ሥርዓት የለሽ ናት» የሚለው ነው። እስቲ አብረን እንሳፈርና ይለይልን።

ማኒላ ውስጥ ወደ ኪያፖ መሄድ ፈለግን እንበል። የሰዓት ሰሌዳ የለም። ጂፕኒዋ ግን ግንባሯ ላይ፣ ከመስተዋቱ ሥር፣ የምትሄድበትን ጽፋ ትመጣለች፤ በጎኗም በቀለም ተጽፎባታል። ኪያፖ፣ ኩባኦ፣ ዲቪሶሪያ፣ ባክላራን። ተራ በሚያዝበት ቦታ የኛን ተራ አስከባሪ የሚመስል ሰው ቆሞ መድረሻዋን እየጮኸ ይጠራል፤ «ባርከር» ይሉታል። ስትሞላ ሹፌሩ ሳንቲም ጣል ያደርግለታል። «ሲያማን!» ሲል ትሰሙታላችሁ፤ ባንዱ አግዳሚ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው ነው ማለቱ ነው። ስምንት ሰው ተቀምጦ አግዳሚው የሞላ ቢመስላችሁም ዘጠነኛ ቦታ አለ፤ ጠጋ ጠጋ ማለት ነው። ይህን ላዲስ አበባ ልጅ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

የሚገባው ከኋላ ነው። በር የላትም፤ ወያላም የላት። ታዲያ ሒሳቡን ማን ይሰበስባል? ሁሉም! ከመግቢያው አጠገብ የተቀመጠው ተሳፋሪ ሳንቲሙን ዘርግቶ «ባያድ ፖ» ይላል፤ «እባክዎ ሒሳብ» እንደ ማለት። «ፖ» የምትለዋ ቃል የነሱ አንቱታ ናት። ሳንቲሙ ካንዱ መዳፍ ወደ ሌላው መዳፍ እያለ አምስት ስድስት እጅ ዞሮ ሹፌሩ ዘንድ ይደርሳል። ሹፌሩ ባንድ እጁ መሪውን፣ ባንድ እጁ ሒሳቡን ይዞ ከየት እንደ ተሳፈራችሁ፣ የስንት ሰው እንደ ሆነ ይጠይቅና መልሱን በመጣበት መንገድ ይልከዋል። መልሱ እንደ ገና አምስት ስድስት እጅ አልፎ ባለቤቱ ጋ ይደርሳል። መውረድ ስትፈልጉ «ፓራ ፖ!» ነው፤ የኛው «ወራጅ አለ!» ማለት ነው። ድምፅ የሌለው ሰው የጣራውን መያዣ ብረት በሳንቲም ኳ ኳ ያደርጋል። ሹፌሩን «ኩያ» ይሉታል፤ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ መሆኑ ነው። ዝናብ ሲመጣ ክፍቱ መስኮት ላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለው ፕላስቲክ ይወርዳል፤ የሚያወርደውም አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። ማንም አላዘዘውም።

እንግዲህ ፍረዱ! የማይተዋወቁ አሥራ ስምንት ሰዎች ያለ ትኬት፣ ያለ ተቆጣጣሪ፣ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የሚቀባበሉበትን ነገር ሥርዓት የለሽ ካላችሁት፣ ሥርዓት የምትሉት ምንን ነው? ማኅተሙን? እኛ ቋንቋ የምናጠና ሰዎች ማንም ሰዋስው ሳይጽፍለት ሕዝብ አሳምሮ የሚናገረው ቋንቋ እንዳለ እናውቃለን። «ሰዋስው አልተጻፈለትምና ሰዋስው የለውም» የሚል ተማሪ ቢገኝ መምህሩ ይስቁበታል። ስለ ከተማ ሲሆን ግን ይህንኑ የተናገረ ሰው አዋቂ ይባላል።

አጭበርባሪ የለም አላልሁም፤ ሳይከፍል ዘሎ የሚወርድም አለ። ለሱም መልስ አዘጋጅተውለታል። በጂፕኒ ውስጥ ተለጥፋ የምትታወቅ አንዲት የእንግሊዝኛ ቀልድ አለች። ቃሏ «ማን እንዳልከፈለ እግዚአብሔር ያውቃል» ነው፤ ነገር ግን «ማን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ድምፁ ከይሁዳ ስም ጋር ስለሚገጥም በቦታው «ይሁዳ» ብለው ጽፈውበታል። ፖሊስ ሳይጠሩ የአስቆሮቱን ሰው ጠርተው ሒሳባቸውን ይሰበስባሉ። እስቲ ከዚህ የተሻለ ተቆጣጣሪ የቀጠረ መሥሪያ ቤት አሳዩኝ!

ናቂው አሁንም አይረታም። «ይኸ ሁሉ ለለመደው ነው፤ እንግዳ ይጠፋበታል» ይላል። ይሁን፤ ከማኒላ ወጥተን በሌላ ደሴት ላይ ወዳለችው ወደ ሴቡ ከተማ እንሻገር። በሴቡ እያንዳንዱ መስመር ቁጥርና ፊደል አለው። 04-ኤል የተባለችው ላሁግ ወደሚባለው ሰፈር ትሄዳለች። 13-ሲ የተባለችው ታላምባንን ከኮሎን ጋር ታገናኛለች። ቁጥሩን የጠየቀ እንግዳ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣታል። እዚያ ቋንቋው ሌላ ስለ ሆነ ለመውረድ «ፓራ» ሳይሆን «ሉጋር ላንግ!» ነው የሚባለው። ቃሉ ከደሴት ደሴት ይለወጣል፤ ሳንቲሙ ግን እዚህም እዚያም ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው።

«ባቡር እያለ ምን ይሠራል?» የሚልም አለ። ማኒላ ከ1984 ጀምሮ ከመሬት ከፍ ብሎ በድልድይ ላይ የሚሄድ የከተማ ባቡር አላት፤ ኋላም ሌሎች መስመሮች ተጨምረዋል። ባቡሩ ጥሩ ነው። ግን ባቡር ጣቢያ ላይ አውርዶ ይተዋችኋል። ከጣቢያው እስከ ቤታችሁ ያለውን መንገድ፣ ቅርጫት የያዘችዋን ነጋዴ፣ ከሌሊት ሥራ የምትመለሰዋን ነርስ፣ ደብተሩን ያቀፈውን ተማሪ ማን ያደርሳቸዋል? ወንዙ ትልቅ የሆነው በገባሮቹ ነው። ገባሮቹን አድርቆ በወንዙ መፎከር የመሐንዲስ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ አድናቂው ልዙር፤ እሱ ይብሳልና። ናቂው ቢያንስ ጥላቻውን አይደብቅም። አድናቂው ግን እየሳመ ነው የሚሸጠው። በ1964 በኒውዮርክ በተከፈተው የዓለም ትርኢት ላይ የሳራኦ ጂፕኒ በፊሊፒንስ አዳራሽ ቆማ ለዓለም ታይታለች። በ2015 ሊቀ ጳጳሱ ፍራንሲስ ማኒላን ሲጎበኙ ሕዝቡን ከሰላምታ ያገናኟቸው መኪናዎች ውስጥ አንዱ በጂፕኒ አምሳል የተሠራ ነበር። በፖስት ካርድ ላይ አለች፤ በአሻንጉሊት መልክ ተሠርታ ትሸጣለች። የአገር ኩራት ናት ይላሉ። ደግ! ኩራት የሆነችው ግን መኪናዋ ናት። ብዙው ሹፌር የወር ደመወዝ የለው፣ የዕረፍት ፈቃድ የለው፣ ሲታመም የሚከፍለው ቀጣሪ የለው። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሠዓሊውን ደጅ ማሳደር ምን ዓይነት አድናቆት ነው?

ያ ቀለም እኮ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሚነበብ ነገር ነው። የልጆች ስም ተጽፎበታል፤ የእመቤታችን ሥዕል አለበት፤ የትውልድ አገር ስም አለበት። ከሚታወቁት ጽሑፎች አንዱ «ካታስ ናንግ ሳውዲ» ይላል፤ «የሳውዲ ጭማቂ» ማለት ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ሳውዲ ዐረቢያ ሄዶ ሠርቶ በላከው ገንዘብ የተገዛች ናት ለማለት ነው። የሰው ጉልበት እንደ ሎሚ ተጨምቆ የወጣው ጠብታ መኪና ሆኖ መንገድ ላይ ይሄዳል። ይህችን ጽሑፍ ለመረዳት እኛ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። እህቶቻችን በሪያድና በጅዳ፣ በቤይሩትና በዱባይ ከፊሊፒንስ ሴቶች ጋር ባንድ ዓይነት ሥራ ላይ ናቸው። ዐረብ አገር ሠርታ ለወንድሟ መኪና የገዛች እህት ለኛ እንግዳ ታሪክ አይደለችም። አድናቂው ግን ጽሑፏን ፎቶ ያነሣታል፤ ቀለሟ ደማቅ ነዋ!

ለተቃዋሚዬ የሚገባውን ልስጠው፤ እውነትነት ያለው ክስ አለው። ጭሱ እውነት ነው። የብዙዎቹ ጂፕኒዎች ሞተር ከጃፓን አገልግሎ የመጣ የናፍጣ ሞተር ነው፤ ሲነሣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ያንን ጭስ ከማንም በላይ የሚምገው ግን ከጧት እስከ ማታ መንገድ ላይ የሚውለው ሹፌሩ ራሱ ነው። ሽሚያውም እውነት ነው። መኻል መንገድ ላይ ድንገት ይቆማሉ፤ ላንድ ተሳፋሪ ሁለት ጂፕኒ ይሽቀዳደማል። ግን ለምን? ሹፌሩ ስላበደ ነው? የለም። ምክንያቱ «ባውንደሪ» የሚሉት ውል ነው። ለብዙው ሹፌር መኪናዋ የሱ አይደለችም። በየቀኑ ለባለቤቷ የተቈረጠ ገንዘብ ያስገባል፤ ናፍጣውንም እሱ ይሞላል፤ ከዚያ የተረፈችው ናት የሱ። ካልተረፈ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ሲነዳ ዋለ ማለት ነው። ዝናብ ቢጥል፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ናፍጣ ቢወደድ፣ ኪሳራው የሱ ነው። እንዲህ ባለ ውል የታሰረን ሰው «አትሽቀዳደም» ማለት ረመጥ ላይ አቁሞ «አትወራጭ» ማለት ነው። በሽታው ያለው ውሉ ውስጥ ነው፤ መርፌው የሚወጋው ግን ሰውዬው።

እንግዲህ በ2017 ዘመናዊነት መጣች። በሮድሪጎ ዱተርቴ ጊዜ የመንግሥቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ትእዛዝ አወጣ። 15 ዓመት ያለፋት ጂፕኒ ከመንገድ ትወጣለች፤ በምትኳ ኤሌክትሪክ ወይም ጭሱ የተቀነሰ ሞተር ያላት አዲስ መኪና ትገባለች። በግሉ የመስመር ፈቃድ የያዘ ባለ መኪናም ፈቃዱን ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ወደ ኩባንያ ማስገባት ግዴታው ሆነ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ምን ክፋት አለው? ክፋቱ ዋጋው ላይ ነው። እየቆየ ሲሄድ የብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ዋጋ 2,400,000 ፔሶና ከዚያም በላይ ደረሰ። መንግሥት 80,000 ፔሶ እደጉማለሁ ብሎ ጀመረ፤ ኋላ እጥፍ አደረገው። እጥፉ 160,000 ነው። ከ2,400,000 ላይ ሲታሰብ ከ15 እጅ አንዱ እጅ መሆኑ ነው። የቀረው 14 እጅ በሹፌሩና በማኅበሩ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ዕዳ ሆኖ፣ ከነወለዱ። ድጎማው ቢጨመርበትም እንኳ ዕዳው ዕዳ ነው።

ቁጥር ለማይወደው ለኛ ፋኩልቲ ሰው በሌላ መንገድ ላስላው። በ2023 መጨረሻ ለመጀመሪያዎቹ 4 ኪሎ ሜትር የአሮጌዋ ጂፕኒ ሒሳብ 13 ፔሶ፣ የአዲሷ 15 ፔሶ ነበር። 2,400,000ን ለ15 ብናካፍለው 160,000 ይመጣል። አንድ መቶ ስድሳ ሺህ ጊዜ «ባያድ ፖ» መባል አለበት ማለት ነው! ያውም ናፍጣ ሳይሞላ፣ ጎማ ሳይቀየር፣ ወለድ ሳይከፈል፣ የሹፌሩ ልጆች ምሳ ሳይበሉ። ንጹሕ አየር የሁሉም ነው፤ የቢሮው ኃላፊም ይተነፍሰዋል፣ የግል መኪና ያለውም ይተነፍሰዋል። ዕዳው ግን ከሁሉ ያነሰ ላለው ሰው ተሰጠ። ሙግቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም። ሁሉም ለሚጠቀምበት ነገር ሁሉም ይክፈል።

ሹፌሮቹ ዝም አላሉም። በኦክቶበር 2017 ለሁለት ቀን አድማ ሲመቱ የትምህርት ቤትና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ቆመ። «ሥርዓት የለሽ» የተባለችው ቆርቆሮ ስትቆም አገር ቆመ ማለት ነው። ፕሬዚዳንቱስ ምን አሉ? ድሆች ከሆናችሁ መከራውንና ረሃቡን ቻሉት፣ እኔ ግድ የለኝም አሉ፤ ያውም በአደባባይ። በ2020 ደግሞ ኮሮና መጣና ናቂው የተመኘው ነገር ሆነለት፤ ከማርች አጋማሽ ጀምሮ ጂፕኒ ከማኒላ መንገድ ጠፋች። በጁን ባቡርና አውቶቡስ ሲፈቀድላቸው አሮጌዋ ጂፕኒ እስከ ጁላይ አልተፈቀደላትም፤ ያኔም በተመረጡ መስመሮች ብቻ። ከተማዋ አማረባት? ሠራተኛው በእግሩ ሄደ። ሹፌሮቹ ችግራቸውን በካርቶን ጽፈው መንገድ ላይ ለመኑ። በጁን ካሎኦካን ላይ ተቃውሟቸውን ለማሰማት የወጡ ስድስት ሰዎች ታሰሩ። ሲነዱ ጥፋተኛ፣ ሲቆሙ ለማኝ፣ ሲናገሩ እስረኛ!

ከዚያ ወዲህ ያለው የቀነ ገደብ ታሪክ ነው። የመደራጃው ጊዜ በዲሴምበር 2023 ያበቃል ተባለ፤ ወደ ጃንዩወሪ ተገፋ፤ እንደ ገና ወደ አፕሪል 30 ቀን 2024 ተገፋ። በጁላይ 2024 የሴኔቱ አባላት ከሞላ ጎደል ሁሉም ፕሮግራሙ ለጊዜው ይቁም ብለው ፈረሙ። ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ፣ ልጅዬው ማለቴ ነው፣ አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው 80 በመቶው ተደራጅቷል የሚል ነበር።

ሰማንያ በመቶ! «ፈቃድህን አስገባ፣ አለዚያ መስመርህን ታጣለህ» የተባለ ሰው መፈረሙ መስማማቱ ነው እንዴ? ማኅበር መልካም ነው፤ የእቁብና የእድር ልጅ ማኅበርን ሊጠላ አይችልም። በማኅበር ታቅፎ ደመወዝ የሚያገኝ ሹፌር ሽሚያውን ይተዋል የሚለውን የደጋፊዎቹን ነጥብ እቀበላለሁ፤ ትልቅ ነጥብ ነው። ግን ሰው እድር የሚገባው ሸክሙን ሊካፈልለት ነው። ሸክም ጨምሮ የሚያሸክም እድር አይቼ አላውቅም። ሹፌሮቹም እኮ «አንለወጥም» አላሉም። ከ1981 ጀምሮ ያለው ፒስተን የተባለው ማኅበራቸው የሚለው አሮጌዋ ትታደስ፣ በአገር ልጅ እጅ ትሠራ፣ ዕዳውን መንግሥት ይሸከም ነው። ጂፕን ጂፕኒ ያደረገ ሕዝብ ሞተር መቀየር ያቅተዋል የሚል ካለ ታሪክ አያውቅም።

ተማሪውስ የት አለ? በኬሶን ሲቲ በሚገኘው በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ የዲሊማን ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጂፕኒ ይዞራል። አንዷ «ኢኮት» ትባላለች፤ ዙር ማለት ነው። ሌላዋ በተቃራኒው አቅጣጫ ስለምትዞር ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት አንብበው «ቶኪ» አሏት። የተማሪ ቀልድ ነው። ግን እዚያው ግቢ በፌብሩዋሪ 1971 ቀልድ ያልሆነ ነገር ተደርጓል። በአባትየው በማርኮስ ዘመን የነዳጅ ዋጋ በሊትር ሦስት ሳንቲም ሲጨመር የጂፕኒ ሹፌሮች አድማ መቱ፤ ተማሪዎቹም የግቢውን መንገድ ዘግተው አብረዋቸው ቆሙ። ነገሩ ዘጠኝ ቀን ያህል ቆየ፤ «የዲሊማን ኮምዩን» ይባላል። ፓስቶር ሜሲና የተባለ ተማሪ በጥይት ተመትቶ ሕይወቱ አለፈ። በሦስት ሳንቲም ሰበብ!

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966፣ ያዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ጭማሪ ምክንያት አድማ መቱ፤ መምህራኑም በዚያው ሰሞን አድማ ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ተምረነዋል። ይህን የማነሣው አድማ ለመስበክ አይደለም። የታክሲ ሹፌር የአገር ትኩሳት የሚለካበት ብልቃጥ መሆኑን፣ ብልቃጡን በመስበር ትኩሳቱ እንደማይወርድ ለመናገር ነው።

ደግሞ ተማሪ ለሹፌር ባለ ዕዳ ነው። በ2019 በፊሊፒንስ የወጣ ሕግ ለተማሪ በሕዝብ መጓጓዣ ላይ የ20 በመቶ ቅናሽ ይሰጣል። ጥሩ ሕግ ነው። በጂፕኒ ላይ ግን ቅናሹን ማን ከፈለው? ያጨበጨበው ሌላ፣ ያጸደቀው ሌላ፤ ሳንቲሟ የምትጎድለው ከሹፌሩ የዕለት ገቢ ነው። ተማሪው በቅናሽ ተሳፍሮ፣ ተመርቆ፣ ቢሮ ገብቶ፣ «እነዚህ ጭሳሞች» ብሎ ደብዳቤ ሲፈርም ከማየት የከፋ ምን አለ?

ይህችን ጋዜጣ የምታነቡ ጓደኞቼ ነገ የምትፈርሙ ሰዎች ናችሁ። ዛሬ «ዘመናዊነት» የምትለው ቃል ስትመዘዝ ሦስት ጥያቄ አንሡባት። የሚለወጠው ዕቃው ነው ወይስ ውሉ? ጥቅሙ የሁሉም ከሆነ ዕዳው የማን ነው? መሪውን የጨበጠውን ሰው ማን ጠየቀው? ለነዚህ መልስ ያለው ለውጥ ይምጣ፤ ዛሬውኑ ይምጣ፤ አሮጌው ሞተር ለማንም አይናፍቀውም። መልስ የሌለው ለውጥ ግን የድሀን ገንዘብ አሮጌ ኪስ ውስጥ አውጥቶ አዲስ ኪስ ውስጥ ማስገባት ነው።

ናቂም አንሁን፤ አድናቂም አንሁን፤ ጠያቂ እንሁን። ሒሳቡን ሹፌሩ ከፍሏል። እጅ ለእጅ ተቀባብለን መልሱን እናድርስለት።